ስለ አዲስ መኪና ግዢና ስለ ይሉኝታ

ከጥቂት ወራት በፊት በአሜሪካ አገር፤ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ለሽምግልና ቢጠሩኝ፤ ነገሩ ትዳር የሚያፈርስ መስሎኝ ልቤ እየፈራ ሄድሁ። ለካስ የተኳረፉት በመኪና ኖሯል። ባልየው ሁለት በር ያላት፤ ከመሬት ዝቅ ያለች ቀይ የስፖርት መኪና ለመግዛት ቆርጧል። ባለቤቱ ደግሞ ተንሸራታች በር ካለው ሰፊ ቫን በቀር ሌላ አላይም ብላለች። የሁለት ዓመት ልጅ አላቸው፤ እርሷም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ጋሼ፤ እርስዎ ይፍረዱን፤ እኛስ ተነጋግረን አልሆነልንም» አሉኝ።

የባልየውን ምኞት እንደ ልጅነት ቈጥሬ አልናቅሁበትም። በየቀኑ ብቻውን ረጅም መንገድ ነድቶ ሥራ የሚገባ ሰው፤ መሪው ለእጁ የሚታዘዝና በመታጠፊያ ላይ የማይዋዥቅ መኪና ቢያምረው የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን የተመኘነውን ለራሳችን ደስታ ተመኝተነው እንደ ሆነ፤ ወይስ ለሌላው ሰው ዐይን ብለን እንደ ሆነ መለየት ያሻል። በፈረንጆች አቆጣጠር በኤፕሪል 17 ቀን 1964 ዓ.ም. ፎርድ ኩባንያ ሙስታንግ የተባለችውን መኪና በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፤ ከላይ ሲያዩዋት ረጅም አፍንጫና አጭር ጀርባ ያላት እንደ ፈረስ የምታምር ነበረች። ከሥር ያለው አካሏ ግን አብዛኛው ፋልከን ከምትባለው ከዚያው ኩባንያ ትሑት የቤተ ሰብ መኪና የተወሰደ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ400,000 በላይ ተሸጠች። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የከፈሉት ለመልኳ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ነግሬው «ታዲያ አንተን የማረከህ አነዳዷ ነው ወይስ መልኳ?» ብዬ ብጠይቀው፤ ጥቂት ዝም ብሎ፤ «እውነቱን ለመናገር ጋሼ፤ ገና ነድቻት አላውቅም» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩን በቃል ከማስረዘም ይልቅ፤ የልጁን መቀመጫ ይዘን ወደ መሸጫው ቤት እንሂድ አልሁ። የሕፃን መቀመጫ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ በኋለኛው ወንበር ላይ መታሰር ይገባዋል፤ የአየር ከረጢቱ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ማኖር ለሕፃኑ የሞት አደጋ ነውና። ባልየው የፊቱን ወንበር አጥፎ መቀመጫውን ለማስገባት ሲታገል ራሱን ከጣሪያው ጋር አጋጨ። እንደ ምንም ካስገባውም በኋላ የፊተኛው ወንበር ወደ ፊት ስለ ተገፋ፤ ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ። ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ኢንሹራንሱም ለእንዲህ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ብዙዎቹም የሚጠጡት ውዱን ቤንዚን ነው። አንዳንዶቹ የበጋ ጎማ ተገጥሞላቸው ስለሚሸጡና ይህም ጎማ በብርድ ጊዜ ደርቆ መንገዱን ስለማይጨብጥ፤ በሜሪላንድ ለክረምት ሌላ አራት ጎማ መግዛት ግድ ይሆናል።

መካከለኛ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ከ1976 ጀምሮ የምትሸጥ፤ የቤት መኪና ሆና ፈጣን ሞተር የተሰጣት መኪና ናት፤ ዛሬ አራት የሰው መግቢያ በር አላት። ባልየውም በዚህች ዐይነቷ ይስማማ ነበር። ሚስቲቱ ግን «እናቴስ የት ትቀመጣለች?» አለች። ለካስ እናቷ እርሷን ሊያርሱ ከአገር ቤት ሊመጡ ኖሯል። በሁለት የሕፃን መቀመጫዎች መካከል አንዲት እናትን አጣብቆ ማስቀመጥ እንደማይሆን ሁላችንም አየነው። ቫኑ በዚህ ጸና።

ምርጫው እንዲህ በቀላሉ ሲያልቅ፤ ያሳሰበኝ የዋጋው ነገር ሆነ። ይህ ሰው አዲስ አበባ ሳለ ለበዓል በግ ሲገዛ፤ ሽንጡንና ላቱን ዳስሶ፤ «ይህማ አጥንት ነው» ብሎ፤ ሦስት ጊዜ ጀርባውን አዙሮ የሚሄድ ነበር። በመስታወት ቤት ውስጥ ክራባት ያሰረ ሻጭ ቡና ባቀረበለት ጊዜ ግን አንደበቱ ተያዘ። «ቡናቸውን ጠጥቼ እንዴት ብዬ ባዶ እጄን እወጣለሁ?» አለኝ በሹክሹክታ። የአንድ ስኒ ቡና ይሉኝታ ስንት ሺህ ዶላር እንደሚያስከፍል እነሆ ተመልከቱ።

በአሜሪካ ከ1958 ጀምሮ በወጣ ሕግ፤ በማንኛውም አዲስ መኪና መስኮት ላይ ፋብሪካው የተመነው ዋጋ ተጽፎ መለጠፍ አለበት። ሕጉን ያመነጩት የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ስለ ነበሩ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይሁን እንጂ ይህ ዋጋ የፋብሪካው ሐሳብ ነው እንጂ የሻጩ ግዴታ አይደለም፤ ሻጩ ከዚያ ዝቅም ከፍም አድርጎ መሸጥ ይችላል። እንደ ቴስላ ያለ ራሱ በቁርጥ ዋጋ የሚሸጥ ኩባንያ ካልሆነ በቀር፤ ክርክር የሚጠበቅ ነገር ነው እንጂ ነውር አይደለም። በዚያ ቫን አጠገብም ከፋብሪካው ወረቀት ሌላ ሁለተኛ ወረቀት ተለጥፎ አየን፤ «የገበያ ማስተካከያ» በሚል ስም 3,000 ዶላር፤ ጎማው በናይትሮጅን ስለ ተሞላና ቀለሙ ስለ ተቀባ ደግሞ 1,200 ዶላር ይጠይቃል። ሁላችን የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ አይከፋም።

ሻጩ አንድ ወረቀት በአራት ከፍሎ፤ የመኪናውን ዋጋ፤ የአሮጌውን መኪና ግምት፤ ቅድሚያ ክፍያውንና የወር ክፍያውን ጻፈና፤ «በወር ስንት ቢሆን ይመቻችኋል?» አለ። አንባብያን ሆይ፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ አትስጡ። 32,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ60 ወራት ቢበደሩ በወር 634 ዶላር ያህል ይከፈላል፤ ለ84 ወራት ቢሆን 483 ዶላር ብቻ ነው። ሁለተኛው ቀሊል ይመስላል፤ ወለዱ ግን ከ6,000 ዶላር ወደ 8,600 ገደማ ይወጣል። የወሩን ክፍያ ብቻ የሚያይ ሰው ዋጋው ሲጨመርበት አያይም። አስቀድሞ የመኪናውን ጠቅላላ ዋጋ፤ ታክሱና የሰሌዳው ክፍያ ሳይቀር፤ በጽሑፍ መጨረስ፤ የአሮጌውን መኪና ነገር ከዚያ በኋላ ለብቻው ማንሣት ነው። ብድሩንም ከባንክ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር አስፈቅዶ የሄደ ሰው፤ ሻጩ የሚያቀርበውን ወለድ የሚያመዛዝንበት ሚዛን በእጁ አለው።

ቡናውን አመስግነን ወጣን። በዚያው ማታ ሚስቲቱ ለሦስት መሸጫ ቤቶች ተመሳሳይ ደብዳቤ በኢሜይል ጻፈች፤ የምትፈልገውን ዐይነት ጠቅሳ ጠቅላላውን ዋጋ ብቻ ጠየቀች። በማግሥቱ አንዱ ያለ አንዳች ጭማሪ በፋብሪካው ዋጋ እሸጣለሁ አለ። የመጀመሪያው ሻጭም ይህን ሲሰማ ስልክ ደውሎ ሦስቱን ሺህ ፈጽሞ አነሣ፤ ናይትሮጅኑንም ሰርዣለሁ አለ። ቤቱ ለእነርሱ ቅርብ ስለ ሆነ ወደ እርሱ ተመለስን።

የፊርማው ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚያደክም ነው። ሰውየው ወረቀቱን እየገለጠ በጣቱ የሚፈረምበትን ብቻ ያሳያል፤ ተጨማሪ ዋስትናና ሌላም ሌላም ያቀርባል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ጊዜው ይመሻል። ብዙ ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ መኪናውን መመለስ የሚቻል ይመስላቸዋል፤ የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ ግን በመሸጫ ቤት የተገዛ መኪናን አይጨምርም። ስለዚህ ባልየው ብዕሩን አንሥቶ ሳለ ሚስቲቱ «ቆይ» ብላ ከመጀመሪያው መሥመር ጀምራ አነበበች። በሦስተኛው ገጽ ላይ ናይትሮጅኑ ተመልሶ ገብቶ አገኘችው።