አቁማዳውና ጠርሙሱ

በዚህ ወር ስለ ቤት ሙያ ለምንጽፈው ነገር መነሻ የሆነን አንድ የተሰበረ ጠርሙስ ነው።

አዳሚ ቱሉ የምትኖር አንዲት ዘመዳችን ባለፈው ጥር በአዲስ አበባ ለሚደረገው የወንድሟ ልጅ ሠርግ ጠጅ ጣለች። ሙያዋ የተመሰገነ ሴት ናት፤ ማሩም በአካባቢው የግራር አበባ ከቀሰሙ ንቦች የተገኘ፣ ነጣ ያለና መዓዛው የሚያውድ ነበረ። ነገር ግን የሠርጉ ቀን ቀደማትና ጠጁ ሳይጠራ፣ ገና እየተፍለቀለቀ ሳለ አጥልላ በባዶ ጠርሙሶች ሞላችው። በቡሽ ወትፋ፣ ቡሹንም በሽቦ አጥብቃ አስራ በመኪና አስጫነችው። በቀትር ፀሐይ መቂን እንዳለፉ አንደኛው ጠርሙስ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ሌሎች ሁለትም ተከተሉት። ስባሪው የስምንት ዓመት ልጇን ከቅንድቧ በላይ ቆረጣት። የሕፃኒቱ ዓይን የተረፈው በአንድ ጣት ስፋት ነው።

ጎረቤቶች «የሰው ዓይን ነው፤ ጠጁን ያየባት አለ» አሉ። እናትዋም ይህንኑ አምና ብዙ አለቀሰች። አያትየዋ ግን «ጠጁ መቼ ጨረሰና ነው የታሸገው?» ብለው ዝም አሉ።

እውነቱን የተናገሩት እማማ ናቸው። ማርና ውሃ ተበጥብጦ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማትታይ ሕይወት ያላት እርሾ በውስጡ ትራባለች፤ የማሩን ስኳር እየበላችም ሁለት ነገር ታወጣለች፤ አንዱ የሚያሰክረው አልኮል፣ ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። በጋን ውስጥ ሲሆን ጋዙ በመክደኛው ጨርቅ በኩል እየተነፈሰ ይወጣል። በታሸገ ጠርሙስ ግን መሄጃ ስለሌለው በመጠጡ ውስጥ ሟሙቶ ይጠራቀማል። በአንድ ሊትር ውስጥ የሚፈላ 4 ግራም ስኳር በአየር ግፊት መጠን አንድ እጥፍ ያህል ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ ሳይፈላ የቀረው ስኳር 24 ግራም ብቻ እንኳ ቢሆን ግፊቱ ወደ 6 እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው፤ ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በላዩ የመንገዱ ሙቀትና መናወጥ ሲጨመርበት ስስ ጠርሙስ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ነገሩ ለእኛ አዲስ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። ጌታችን ስለ አዲሱ ወይንና ስለ አረጀው አቁማዳ የተናገረውን ምሳሌ (ማቴ. ፱፥፲፯) ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ስንሰማው ኖረናል። የምሳሌውን ምሥጢር መተርጐም የመምህራን ድርሻ ነው። ሰሚዎቹ ግን ቆዳ የሚያለፉና ወይን የሚጠምቁ ሰዎች ነበሩና፣ አዲስ አቁማዳ ለስላሳ ስለሆነ ከሚፈላው ወይን ጋር አብሮ እንደሚለጠጥ፣ ደርቆ የቆየው ግን እንደሚቀደድ በእጃቸው ያውቁት ነበር። ጠርሙስ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አሮጌ አቁማዳ ነው፤ ከቶ አይለጠጥም።

የጠጅን አሠራር ለእናቶቻችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት እንዳይሆንብን በአጭሩ እናልፈዋለን። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ወይራ በታጠነ ጋን ይደረጋል፤ ጌሾም ይገባበታል። የተገዛ እርሾ አያሻውም፤ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ የሚገኘው ይበቃዋል። እንደ አዳሚ ቱሉ ባለ ሞቃት አገር ፈጥኖ ይፈላል፤ በደጋ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የእኅታችን ስሕተት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ አፈላሉ ፈጣን መሆኑን አይታ፣ ፈጥኖ ያለቀም መሰላት።

ይሁን እንጂ ጋዙን በጠርሙስ ውስጥ ሆን ብለው የሚያስቀሩ ሕዝቦች አሉ። በደቡብ ፈረንሳይ በሊሙ አውራጃ፣ የቅዱስ ሂላሪዮስ ገዳም መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1531 መፍላቱን ያልጨረሰ ወይን በጠርሙስ ዘግተው አረፋማ መጠጥ አገኙ ተብሎ ይነገራል። ዛሬም በዚህ በጥንታዊው መንገድ የሚሠሩ ቤተሰቦች አሉ። በሻምፓኝ አውራጃ ግን ወይኑ አስቀድሞ ፈልቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የተመዘነ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በወፍራም ጠርሙስ ሁለተኛ ይፈላል። ከታሸገ በኋላም ቢያንስ 15 ወር ሳይቆይ ለገበያ አይወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1668 እስከ 1715 የኦቪሌ ገዳም መጋቢ የነበረው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ይህን መጠጥ ፈለሰፈ የሚባለው ተረት ነው፤ እርሱስ ጠርሙስ የሚያፈነዳበትን አረፋ ለማጥፋት ነበር የሚደክመው። በዚያ ዘመን የጓዳ ሠራተኞች ፊታቸውን ከስባሪ ለመጠበቅ የብረት ጭምብል ያጠልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 ባሏ የሞተባት የ27 ዓመቷ ወይዘሮ ክሊኮ ደግሞ የቤተሰቡን ንግድ በእጇ ይዛ፣ በጠርሙሱ ሥር የሚቀረውን አተላ የማጥሪያውን ብልሃት ከሠራተኞቿ ጋር አግኝታለች። በእኛም አገር ቢሆን የጠጁን ጋን የያዙት ሴቶች ናቸው።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አዳሚ ቱሉ፣ ትርጓሜው በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ የሆነው፣ ከዝዋይ (ባቱ) በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በዝዋይ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎችን አስተክሎ፣ በ2006 ዓ.ም. ወይኑን ለገበያ አቀረበ። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገቡበትም የእርሻውን ዙሪያ በቦይ አስቆፍሮ ነበር። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1949 በቦርዶ ዘጠኝ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ያቋቋሙት የቤተሰብ ሥራ ነበረ። የአካባቢው ወጣቶች ይህን አይተው «እኛስ የእናቶቻችንን ጠጅ አረፋውን እንደ ያዘ በጠርሙስ ብንሸጥ?» ማለት ጀምረዋል።

ይቻላል፤ ነገር ግን በግምት አይቻልም። ጠጁ አስቀድሞ መፍላቱን ፈጽሞ መጨረስ አለበት፤ መጨረሱም በምላስ ሳይሆን የመጠጡን ክብደት በሚለካው የብርጭቆ መሣሪያ መታወቅ አለበት፤ የሚጨመረው ማር በግራም ይመዘናል፤ ጠርሙሱም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም መሆን ይገባዋል። ማሩን በስኳርና በቢጫ ቀለም የሚተኩ ነጋዴዎች እንዳሉም ስለሚታወቅ፣ በቤተሰቡ ስም የሚሸጥ ጠጅ ንጹሕ ማር ካልሆነ ባይጀመር ይሻላል። አንዳንዶች ደግሞ እንዲህ ያለው መጠጥ ለቤተ መቅደስ አገልግሎት ይውል እንደ ሆነ ጠይቀውናል። አይውልም። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ በቤተ ልሔም በዲያቆናት እጅ የሚዘጋጅ ነው፤ ጠጅ የማዕድና የማኅበር ነው።

ለመንገድ ጠጅ የምትልኩ እናቶች ግን በጠርሙስ አትላኩ። እኅታችን ለግንቦት ልደታ ማኅበር የላከችው በጀሪካን ነበር፤ እስከ አፉ ሳትሞላው፣ ክዳኑንም ላላ አድርጋ። መኪናው መቂ ላይ ሲቆም ክዳኑን ከፍታ ያስተነፈሰችው ያችው ሕፃን ናት። ጠባሳዋ ገና ቀይ ነው። ጆሮዋን ወደ ጀሪካኑ አፍ አስጠግታ ጋዙ ፍስስ ብሎ ሲወጣ አዳመጠች፤ «አሁንም አልጨረሰም» አለችና ክዳኑን መልሳ ላላ አድርጋ ገጠመችው።