የገበሬው ጭንቀትም ሐኪም ይሻል

ዝናብ ሲዘገይ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲከማች፣ የጥማድ በሬ ሲሞት ገበሬው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። እንቅልፍ ያጣል፤ ከእድር ይቀራል፤ አረም ማሳውን ሲወርሰው እያየ ከመደቡ አይነሳም። ጎረቤት ስንፍና የሚለው ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ሲገጥመው ደግሞ ሌላ መላ ያጣ ቤተሰብ የገዛ ልጁን በሰንሰለት እስከማሰር ይደርሳል። ይህ ያሳዝነናል፤ መላው አለና።

በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጽኑ የአእምሮ ሕሙማንን እዚያው በቅርብ ማከም እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። ሁሉም ታማሚ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መንገላታት የለበትም። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል።

ጤና ቢሮዎች መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ እንዳይጠፋ ያድርጉ፤ የተጀመረ ሕክምና በእጦት ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ስትጠይቅ «እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?» ብላ ትጨምር። እድርተኛው ደግሞ የቀረውን አባል ከመቅጣቱ በፊት ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው፤ ማሳውንም በደቦ ይረምለት።