ጫማ ይውለቅ



የቆዳ ነቀርሳ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን ጥቁሩ ቆዳችን ይጠብቀናል ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ እሰማለሁ። አነጋገሩ ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ ካንሰር የምንለው ይህ በሽታ በቆዳችን ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ነገር ግን ሜላኖማ የተባለው ክፉው ዓይነት በጥቁር ሰው ላይ ሲነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፀሐይ በማትደርስበት በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሊን የገደለው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኝቶበት በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። እርሱስ ወጣት ነበር። አደጋው የሚበረታው በዕድሜ ሲሆን፣ ሽማግሌ ደግሞ ዓይኑ ደክሞ፣ ወገቡም አልታጠፍ ብሎት የራሱን ውስጥ እግር ማየት አይችልም።

በልጅነታቸው ምድጃ ላይ ወድቀው የተቃጠሉ እናቶችም አሉን። ያ ጠባሳ ከብዙ ዓመታት በኋላ አፍ አውጥቶ አልድን ሲል አንዳንድ ጊዜ ወደ ነቀርሳ ተለውጦ ይገኛል። እኛ ግን የቆየ ቁስል ነው እያልን ቅባት እንገዛለን።

ቀድሞ አባት ከመንገድ ሲገባ እግሩ ይታጠብ ነበር፤ የሚያጥበውም ልጅ እሾሁንም ቁስሉንም ያይ ነበር። ዛሬ እኛ የቢሮ ሰዎች ካልሲና ጫማ ገዝተን ስንሰጥ ግዴታችንን የፈጸምን ይመስለናል።

አጎቴን ይዤ በየሦስት ወሩ ወደ አንድ ክሊኒክ እመላለሳለሁ። ግፊታቸው ይለካል፣ ስኳራቸው ይታያል፤ የስኳር በሽተኛ እግሩ መታየት የሚገባው ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቀን እንኳ «ጫማዎን ያውልቁ» ያላቸው የለም። ይህ መሣሪያም በጀትም የሚጠይቅ አይደለም። ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በክሊኒክ እግሩ እንዲታይ ጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቢሰጥበት መልካም ነው እላለሁ።

በቤት የምናየው፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ዳሩ የተዛነፈ ጥቁር ነጥብ፣ በጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መሥመር፣ ወር ሙሉ ያልዳነ ቁስል ነው። በምላጭ መቁረጥና በእሳት መተኮስ አይገባም። ሐኪም ከሥፍራው ጥቂት ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ቆርጦ ማውጣቱ ይበቃል።

በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ቦታው ቀድሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ሽማግሌዎች ስሙን ሲሰሙ አልሄድም ይላሉ፤ ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚኬድበት መሆኑን ልጆቻቸው ያስረዷቸው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ