ያልታየው ነው የሚያስፈራው

ጓሳ ያደረ ሰው ይረዳኛል። መንዝ ላይ ጉሙ ወርዶ፣ በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ተኝታችሁ፣ በሩ ኮሽ ሲል... ነፋስ ነው? ጅብ ነው? ማነው? የምታስፈራው መልሱ እስኪመጣ ያለችው ደቂቃ ናት።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሮበርት ዋይዝ መንፈስ ስላደረበት ቤት «ዘ ሀውንቲንግ»ን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሠራ የያዘው ይቺኑ ደቂቃ ነው። መንፈሱን አንዴም አያሳየንም። ግድግዳው ይደበደባል፤ የእንጨቱ በር እንደሚተነፍስ ያብጣል፤ በቃ!

ብዙዎቹ የዘንድሮ ፊልሞች ግን ደም ረጭተው ጭራቁን ፊታችን ይደቅኑታል። እንደነግጣለን፤ ወዲያው እንረሳለን። አያቶቻችን እሳት ዳር ተረት ሲነግሩን ጭራቁን አሳይተውን ያውቃሉ? እኔ ግን እስከ ዛሬ በጨለማ ብቻዬን ጓሮ አልወጣም።

ፊልም ሠሪዎቻችን፣ «ገንዘብ የለንም» አትበሉን። አንድ ጎጆ፣ አንድ በር፣ የጓሳ ጉም ይበቃችኋል።