«ደርቋል!»

የአዲስ አበባን መንገድ ከሚያበላሹት ነገሮች አንዷ ቃል ናት። «ደርቋል!» ትባላለች። ፎርማኑ ይላታል፤ ኮንትራክተሩ ይላታል፤ የሲኖትራክ ሾፌሩ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ ይላታል፤ የሰፈሩም ሰው አርማታውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ይላታል። እሷ ከተባለች በኋላ ድንጋዩ ይነሳል፣ ቅርንጫፉ ይጣላል፣ መኪናው ያልፋል።

አርማታ ግን የሚደርቅ ነገር አይደለም። ጭቃ ይደርቃል፤ በርበሬ ይደርቃል፤ የታጠበ ልብስ ይደርቃል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው ወደ ድንጋይነት የሚለወጠው፤ ውሃው ቀድሞ ተንኖ ካለቀበት ለውጡ እዚያው ይቆማል። እንግዲህ በሁለተኛው ቀን ስለ አንድ አርማታ «ደርቋል» ብሎ መመስከር፣ ድስቱ ሳይበስል ከእሳት ወርዷል ብሎ እንደ መመስከር ነው። እኛ ግን ምስክርነቱን እንደ ምርቃት እንቀበለዋለን።

ጉለሌን ለምን አነሳሁ? ሌላው ክፍለ ከተማ ጨዋ ስለሆነ አይደለም። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ሰፈሩን እያቋረጠ ስለሚያልፍ ከሽሮ ሜዳ እስከ ሸጎሌ ውስጥ ለውስጥ በሄዳችሁበት ሁሉ ቦይ አለ። ቦይ ካለ መኪና የሚሻገርበት ሶሌታ አለ። ክረምት በወጣ ቁጥር ይቆፈራል፣ ፌሮ ይታሰራል፣ ይሞላል። ብዙው የውስጥ መንገድ ደግሞ መግቢያው አንድ ነው፤ እሱን ከዘጋችሁት ምጥ የያዛት ሴት የምትወጣበት የለም። በዚያ ላይ አዲሱ ገበያ የጎጃም በር ነው። የደርባ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሲሚንቶው በሱሉልታ አድርጎ በደጃፋችን ይወርዳል። ሲሚንቶ በራችን ላይ ሌት ተቀን እያለፈ፣ አንድ ሶሌታ ሳምንት ሙሉ ማሳደር ያቃተን ሰዎች ነን!

ነገሩ በቁጥር ይታይ። አርማታ ሙሉ ጥንካሬው የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው። በ3ኛው ቀን የዚያን 40 በመቶ ያህል፣ በ7ኛው ቀን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይደርሳል። ይህም ኦፒሲ በሚባለው ሲሚንቶ ከተሠራና ውሃውን በደንብ ከጠጣ ነው። እኛ ከሱቅ በብዛት የምናገኘው ፒፒሲ ግን የተፈጨ ፑሚስ የተቀላቀለበት ነው። መጥፎ ሲሚንቶ ሆኖ አይደለም፤ ሰንበት ብሎ ደህና አድርጎ ይጠነክራል። መጀመሪያ ላይ ግን ዘገምተኛ ነው። ብርድም አለ። 10 ዲግሪ ላይ ያደረ አርማታ 20 ዲግሪ ላይ ካደረው ከግማሽ ብዙም ባልበለጠ ፍጥነት ነው የሚጠነክረው። የጉለሌ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል። አዋሽ ላይ በሦስት ቀን የሚሆነው ነገር እንጦጦ ሥር በሦስት ቀን አይሆንም። ፎርማኑ ግን አዋሽም ሆነ እንጦጦ ቃሉ አንድ ናት።

አሁን የሚያልፍበትን እንይ። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለት ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ሲጭን አሸዋው ብቻ ከ20 ቶን በላይ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ግዛት የሙከራ መንገድ ሠርተው፣ ወታደሮች የሚነዷቸውን የጭነት መኪኖች ሲያመላልሱበት ከርመው ያገኙት ውጤት አለ፦ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ለጠነከረ መንገድ ነው። የሁለት ቀን ጨቅላ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

በአንድ የጉለሌ ሰፈር ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የሰፈሩም የኮንትራክተሩም ስም ይቅር። ነዋሪው አዋጥቶ ነው ያሠራው። ጡረተኛው ከጡረታው፣ ጉሊት የምትቸረችረው ከመደቧ ቆርሳ ሰጥታለች። ጥቅምት ውስጥ ነው፣ ሐሙስ ዕለት ተሞላ። ቀን ሠራተኞቹ አርማታው አልገፋ ሲላቸው በእያንዳንዱ ከረጢት ሲሚንቶ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ይጨምራሉ። «ይህ አይበዛም ወይ?» ብል ፎርማኑ «ጋሼ፣ ካልቀጠነ እኮ አይሠራም!» አለኝ። ለ50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ከበቂ በላይ ነው። 10 ሊትር ሲጨመርበት ከጥንካሬው ሲሶው ያህል እዚያው ባልዲ ውስጥ ይቀራል። ሥራው ግን ቀለለ፤ አርማታውም እንደ አጥሚት ፈሰሰ።

ሲያልቅ ሁለት ድንጋይና አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጣል ተደረገበትና ሁሉም ሄደ። የቀሩት አንዲት ባልቴት ናቸው። ባላቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ከሳቸው ያዩትን አልረሱም። በማግስቱ ጠዋት ጆንያ አልብሰውት በጀሪካን ውሃ ያጠጡታል። የሰፈሩ ጎረምሶች «እትዬ፣ ጎመን ተከሉበት እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ። በዚያ ሥራ ላይ የነበሩት መሐንዲስ እሳቸው ብቻ ነበሩ ብል ማንም አይቀየመኝ።

ዓርብ ሌሊት አሸዋ የጫነ መኪና መጣ። ከተማው ለከባድ መኪና የሰዓት ገደብ ካወጣ ወዲህ ትልልቆቹ በብዛት የሚገቡት ሰው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ጥበቃ በሌለበት፣ ብርዱም አርማታውን በያዘበት ሰዓት። ረዳቱ ወርዶ ድንጋዩን አነሳ፣ የእትዬን ጆንያ ወዲያ አደረገ፣ አለፉ። ጠዋት ወጥተን ስናየው ምንም የለም! አንድ ስንጥር እንኳ አይታይም። ኮንትራክተሩም «ይኸው፣ ምን ሆነ? ደርቋል አላልኩም?» ብሎ የቀረ ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሕፃንነቱ የተጫነ አርማታ ያን ዕለት አይጮህም። ስንጥቁ ከውስጥ ነው፤ አርማታውና ፌሮው በደንብ ሳይያያዙ ይላቀቃሉ። በወራት ውስጥ ውሃ ይገባበታል፤ ሐምሌ ሲመጣ ይፈረፈራል፤ ነሐሴ ላይ ፌሮው ጥርሱን አግጦ ይታያል። ያኔ ጥፋተኛው ይፈለግና ሁሉም በአንድ ድምፅ «ዝናቡ ነው» ይላል። ዝናብ ጠበቃ የለው፣ ኪስ የለው፣ ቀበሌ ቀርቦ አይከራከር። የስንቱን ዕዳ ተሸከመ መሰላችሁ!

«መንገድ ዘግተን ወር ልንቀመጥ ነው ወይ?» የሚል ሰው አለ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ባለ አንድ መግቢያ ሰፈር ወር ሙሉ አይዘጋም። ወር ይዘጋ ያለ ግን የለም። ሶሌታውን በቦታው መሙላት ግዴታ አይደለም። የማንሆል ክዳንና ቱቦ ሌላ ቦታ ተሠርተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ጠንክረው ነው የሚመጡት፤ ሶሌታም እንደዚያው ተቆራርጦ ተሠርቶ በክሬን በአንድ ሌሊት ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ካልተቻለ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ሲጠነክር ሌላው ይሞላል። ስፋቱ ትንሽ ከሆነ ከቦዩ ወዲህና ወዲያ ጠንካራ መሬት ላይ የሚያርፍ ወፍራም ላሜራ ይነጠፍበታል፤ መኪናው ሲያልፍ ክብደቱ አርማታው ላይ አያርፍም። የግድ በቶሎ ይከፈት ከተባለም መንገዱ ይታወቃል፦ ኦፒሲ፣ በርከት ያለ ሲሚንቶ፣ ትንሽ ውሃ፣ ማፍጠኛ ኬሚካል፣ ብርድ መከላከያ ሽፋን። በካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ የተሰበረውን የአርማታ ንጣፍ ማታ አውጥተው፣ ለዚሁ በተሠራ ልዩ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በማግስቱ ማለዳ ለከባድ መኪና ይከፍቱታል። አራት ሰዓት ይበቃቸዋል። ግን በዓይን ገምተው አይደለም፤ ጥንካሬው ተለክቶ ከተባለው ቁጥር ካልደረሰ አጥሩ አይነሳም።

እኛ ጋ የጎደለው ዕውቀት አይደለም። ይህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት ተራ ትምህርት ነው፤ በትልልቅ መንገድ ሥራዎችም ኩብ እየተሞላ ላቦራቶሪ ይላካል። ለሰፈር ሶሌታ ግን ኩብ ሲሞላ አይቼ አላውቅም። ምክንያቱም ውሉ ውስጥ የሲሚንቶ ዋጋ አለ፣ የፌሮ ዋጋ አለ፣ የቁፋሮ ዋጋ አለ፤ የመጠበቅ ዋጋ ግን የለም። ውሃ ለሚያጠጣው ማንም አይከፍልም፤ ሌሊት ለሚጠብቀው ማንም አይከፍልም፤ ለላሜራው ኪራይ ማንም አልበጀተም። ኮንትራክተሩ የሚከፈለው ባፈሰሰው ሜትር ኩብ ልክ ነው። ታዲያ ለምን ይጠብቅ? እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልጠብቅም ይሆናል።

ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ቁፋሮው በየሰፈሩ ይጀመራል። የመንገድ ኮሚቴ የሆናችሁ ሰዎች ውል ስትፈርሙ ከክፍያው አንድ አራተኛው ከ28 ቀን በኋላ ይሁን። በሚሞላበት ዕለት ስድስት ኩብ ይወሰድ፤ ሦስቱ በ7ኛው፣ ሦስቱ በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገብተው ይጨመቁ። ከባድ መኪና የሚያልፈው ውጤቱ ሲመጣ ነው። ፎርማኑ «ደርቋል» ሲላችሁ «ስንት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁት። ኮንትራክተሩ «እንዲህ ከሆነ ዋጋ እጨምራለሁ» ማለቱ አይቀርም። ይጨምር። ግን የላሜራውን ኪራይ፣ የዘበኛውንና የውሃ አጠጪውን የሁለት ሳምንት ደመወዝ ለየብቻ ጽፎ ያምጣ።