የመዶሻው ድምፅና የሕፃኑ ጆሮ

ምን አለሽ ተራ ከመርካቶ ሰፈሮች መካከል የተጣለ ነገር እንደገና የሚነሣበት ስፍራ ነው። ባዶው በርሜል ምድጃ ይሆናል፥ አሮጌው ጎማ በረባሶ ጫማ ይሆናል፥ የዘይቱ ቆርቆሮ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል፤ ገዢው «ምን አለሽ?» ብሎ ሲጠይቅም ሻጭዋ ያላትን ሁሉ ከምትቈጥር የሌላትን ብትናገር ይቀላታል። ሥራው የሚፈጸመው በመዶሻ ስለ ሆነ ከጧት እስከ ማታ የብረት ድምፅ ከዚያ ሰፈር አይጠፋም።

በቅርቡ በዚያ ስናልፍ ባዶ ጠርሙስ ከምትሸጥ አንዲት እናት ዘንድ ጥቂት ቆመን ነበር። የ7 ወር ወንድ ልጅዋ በካርቶን ውስጥ ነጠላ ለብሶ ተኝቷል፤ ከእርሱ 3 እርምጃ በማይርቅ ቦታ አንድ ሠራተኛ በርሜል ይቀጠቅጣል። ሕፃኑ ግን ዐይኑን እንኳ አላርገበገበም። ጎረቤቶቿ «የተባረከ ልጅ ነው፥ ሰው አያስቸግርም» እያሉ ያመሰግኑታል። እናቲቱ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «እኔስ እንጃ፤ ይህ ዝምታው አላማረኝም» አለችን።

የዚህችን እናት ሥጋት በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። በጩኸት መካከል ያደገ ጤናማ ሕፃን ጩኸቱን ይለምደዋልና፥ ተኝቶ ሳለ አለመደንገጡ ብቻውን መስማት ለመሳኑ ምልክት አይሆንም። ዳሩ ግን የማይሰማውም ሕፃን እንዲሁ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ይህም ሕፃን በዐይኑ ሰውን ይከተላል፥ ፊት ሲያይ ይሥቃል፥ በመጀመሪያዎቹም ወራት እንደ ሌሎቹ ሕፃናት «እ፥ እ» እያለ ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ነገሩን የሚያውቁት ልጁ 2 ወይም 3 ዓመት ሞልቶት አፉን አልፈታ ሲል ነው። ቋንቋ በአእምሮ ውስጥ ሥር የሚይዝበት ጊዜ ግን ከዚያ አስቀድሞ ይጀምራል።

እናት የወሩን ቍጥር ብትረሳ የክርስትናውን ቀን አትረሳም፤ ይኸው ቀን ለልጅዋ እድገት መቍጠሪያ ሊሆናት ይችላል። ወንዱ በ40 ቀኑ በቅዱስ ራጉኤል ክርስትና በሚነሣበት ሰሞን የሰው ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ይጀምራል። ሴቲቱ በ80 ቀንዋ ስትጠመቅ ፈገግታዋ የለመደ፥ ዐይንዋ የእናትዋን ፊት የሚከተል፥ የእናትዋንም ድምፅ ስትሰማ ከልቅሶዋ የምትረጋ ልትሆን ይገባታል። (ሁለቱን በክርስትናቸው ቀን አስተያይቶ «ሴቶቹ ይፈጥናሉ» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ የ40 ቀን ብልጫዋን ግን አይቈጥርላትም።) ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ሕፃኑ ድምፅ ወደ መጣበት ወገን ፊቱን ይመልሳል። ከ6 እስከ 9 ወር ደግሞ «ባባባ»፥ «ማማማ» እያለ ፊደል እንደሚቈጥር ሰው ይደጋግማል፤ የማይሰማው ሕፃን በግልጥ ወደ ኋላ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። በ9 ወሩ ስሙ ሲጠራ ያውቃል፥ ዓመት ሲሞላውም አንድ ወይም ሁለት ቃል ትርጕሙን ለይቶ ይናገራል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ወሩ የሚቈጠርለት ሊወለድ ይገባው ከነበረው ቀን ጀምሮ ነው።

ለእናቲቱ የነገርናት ይህን ነው። ማታ መዶሻው ሁሉ ከቆመ በኋላ ልጁን አንድ ሰው ያቅፈው፤ እርስዋ ከጀርባው፥ ጥላዋ በማይታይበት ቦታ ቆማ በለሰለሰ ድምፅ ትጥራው፤ ቀጥላም ሲኒን በማንኪያ ቀስ ብላ ታንኳኳ። ወለል መርገጥ፥ በር መደብደብ አይጠቅምም፤ የማይሰማ ልጅ መንቀጥቀጡን በአካሉ ያውቀዋልና። በልዩ ልዩ ቀን 3 ጊዜ ተሞክሮ ካልዞረ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ «ሲያድግ ይሻለዋል» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ሲወለድ አልቅሶ ያልነበረ፥ ዐይኑና ቆዳው እጅግ ቢጫ ሆኖ የነበረ፥ የማጅራት ገትር ያገኘው ወይም ከጆሮው መግል የሚወጣ ሕፃን ግን ይህም ሙከራ ሳይጠበቅለት ይመርመር።

መቀመጥና መራመድን በተመለከተ እናቶች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፥ በህንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን አስመርምሮ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ባወጣው መሠረት፥ ሳይደገፉ የሚቀመጡበት ጊዜ ከ4 እስከ 9 ወር፥ ብቻቸውን የሚራመዱበትም ከ8 እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ይዘረጋል። ከ100 ሕፃናት 4 ያህሉ በእጅና በጕልበታቸው ፈጽሞ ሳይድሁ ተነሥተው ሄደዋል። በአንቀልባና በካርቶን ውስጥ የሚውል ልጅ ሰውነቱን የሚያለማምድበት ስፍራ ያንሰዋል፤ ማታ በቤት ውስጥ ሰሌን ዘርግቶ በደረቱ ማስተኛትና ማጫወት ይረዳዋል።

በምን አለሽ ተራ መሬት ላይ ግን ማንም ልጁን እንዳያወርድ እንለምናለን። ሕፃን በ9 ወሩ ገደማ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጥቃቅን ነገር ማንሣት ይችላል፤ ያነሣውንም ወደ አፉ ይወስዳል። ቡሎኑና ምስማሩ ያንቀዋል። የመኪና ባትሪ እርሳስ ትቢያው እንኳ ለአእምሮው መርዝ ነው። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነው የሰዓት ባትሪ ከሁሉ ይከፋል፤ በጕሮሮው ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥለው ይችላል። ይህን የዋጠ ልጅ ሳያስታውኩት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ከ3 ሳምንት በኋላ ወደዚያች እናት ተመለስን። ልጁ በ3ቱም ሌሊት አልዞረም። ወደ ሐኪም ወስዳው በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ፈሳሽ ተገኝቷል፤ ከፈሳሹ በስተ ኋላ ሌላ ጕዳት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ በሚመጣው ወር የመስሚያ ምርመራ ቀጠሮ አላት። እስከዚያው ካርቶኑን ከበርሜል ቀጥቃጩ አጠገብ አንሥታ ወደ ራስዋ አዙራዋለች፤ ገዢ ባጣች ቍጥር ጐንበስ ብላ፥ አፍዋን እያሳየችው ታናግረዋለች።