በመስኮት የታየ ትዳር



እኛ ወንጌላውያን ስለ ሥዕል እምብዛም አናወራም። እኔ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ዘመኔ ጀምሮ የምወድደው አንድ ሠዓሊ አለ፤ ሬምብራንት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1606 በሆላንድ፣ ላይደን በተባለች ከተማ የተወለደ የባለ ወፍጮ ልጅ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች እንደ እርሱ አድርጎ የሣለ ብዙ ሰው አላውቅም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከሥዕሎቹ አንዱ ስለ ትዳር ስላስተማረኝ ነገር ነው።

ሬምብራንት በ1634 ሳስኪያን አገባ። ከወለዱአቸው አራት ልጆች ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የተረፈው ቲቱስም ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ1642፣ እናቱ በ29 ዓመቷ አረፈች። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው ለምሳሌነት የሚጠቀስ አይደለም። ሄንድሪኪዬ ከምትባል ሴት ጋር ሳይጋባ ኖረ፤ በ1654 የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እርሷን ጠርተው ገሠጹአት፤ ከጌታ እራትም አገዷት። ሳስኪያ በኑዛዜዋ፣ ባሏ ሌላ ካገባ ከውርሷ መጠቀሙ እንዲቀር አድርጋ ነበርና፣ ሄንድሪኪዬን ሳያገባ የቀረው ስለዚህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ገንዘቡ ግን አልሰነበተለትም። በ1656 ከሰረ፤ ቤቱም ተሸጠ። ሄንድሪኪዬ በ1663 ሞተች፤ በ1668 ቲቱስን ቀበረ፤ በዓመቱ በ1669 ራሱም አለፈ። እንግዲህ ሬምብራንትን ቅዱስ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ብዙ ያጣ ሰው ግን ነው፤ ያጣ ሰው ደግሞ እኛ በየቀኑ እያየን የምናልፈውን ነገር ዋጋ ያውቃል።

ባለቤቴ በሆላንድ ያሉ ወገኖችን ለማገልገል በሄደ ጊዜ አብሬው ስለ ነበርኩ፣ አምስተርዳም የሚገኘውን ራይክስሙዚየም የማየት ዕድል አገኘን። ብዙው ጎብኚ «የሌሊት ዘብ» ወደተባለው ግዙፍ ሥዕል ይጋፋል። እኔ የፈለግሁት ግን «አይሁዳዊቷ ሙሽራ» የሚባለውን ነበር። ይህ ስም የወጣለት ሠዓሊው ከሞተ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው፤ ሙዚየሙ ሥዕሉ ይስሐቅንና ርብቃን እንደሚያሳይ ይገልጻል። የተሣለውም ከ1665 እስከ 1669 ባለው ጊዜ፣ ሬምብራንት ሁለቱንም ሴቶች ከቀበረ በኋላ ነው። ቫን ጎግ በ1885 ከዚህ ሥዕል ፊት ተቀምጦ፣ ወዳጁ ሌሎቹን ዞሮ አይቶ ሲመለስ እዚያው አገኘው።

ምን ይታያል? በወርቃማው የባል እጅጌ ላይ ቀለሙ ልስን እስኪመስል ወፍሯል። ሚስቲቱ ቀይ ለብሳለች። ዓይን የሚይዘው ግን እጃቸው ነው። ባል ግራ እጁን በትከሻዋ ላይ አድርጎ ቀኝ እጁን በደረቷ ላይ በእርጋታ አሳርፏል፤ እርሷም በጣቶቿ ጫፍ እጁን ነክታዋለች። የእርሷ እጅ ባይኖር ኖሮ ሥዕሉ ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ባሎች ሆይ፣ ይህን አስተውሉ፤ በትዳርም ውስጥ ቢሆን ፍቅር በግድ አይነካም።

ታሪኩን በኦሪት ዘፍጥረት 26 ታገኙታላችሁ። ይስሐቅ በጌራራ ሳለ ስለ ሚስቱ እንዳይገድሉት ፈርቶ «እኅቴ ናት» አለ። አንድ ቀን ግን ንጉሡ አቢሜሌክ በመስኮት ሲመለከት ሁለቱን ሲጫወቱ አያቸውና ባልና ሚስት መሆናቸውን ዐወቀ። ሬምብራንት ለዚህ ታሪክ በሠራው ንድፍ ላይ ንጉሡ አሻግሮ ሲያይ ይታያል፤ በሥዕሉ ላይ ግን ንጉሡ የለም። በእርሱ ቦታ ቆመን የምናየው እኛ ነን።

የይስሐቅ አፍ «እኅቴ ናት» አለ፤ እጁ ግን «ሚስቴ ናት» ብሎ መሰከረ። በብዙዎቻችን ቤት ያለው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። አፋችን «ባሌ፣ ሚስቴ» ይላል፤ የሠርጉ ፎቶም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኑሯችን ግን የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የአገልግሎት ፕሮግራም ብቻ ሆኗል። በጉባኤ «ወንድም እገሌ፣ እኅት እገሊት» መባባላችን መልካም ነው፤ በቤታችንም ወንድምና እኅት ሆነን ከቀረን ግን ያሳዝናል። ይህ በተለይ እኛን አገልጋዮችን ይመለከታል። ለሌላው ስንጸልይ እጃችንን እንጭናለን፤ የትዳር ጓደኛችንን እጅ ከያዝን ግን ስንት ወር ሆነን?

«በባህላችን ባልና ሚስት በሰው ፊት አይነካኩም» ትሉ ይሆናል። ይስሐቅም ለታይታ አላደረገውም፤ ሰው ያየኛል ብሎ ባላሰበበት ሰዓት ነው የታየው። ተቀያይማችሁ ከሆነ ደግሞ እጅ ከመዘርጋታችሁ በፊት ይቅርታ ተጠያየቁ። ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ስልኩን አጥፉና ዐሥር ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ። ስለ ወጪ አታውሩ። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ አንዳችሁ ስለ ሌላችሁ በስም ጸልዩ።

አቢሜሌክ በእናንተ መስኮት ቢመለከት ምን ያይ ይሆን? ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ! አሜን።